ዕቃውን ገልብጠው ቁጥሩን ያንብቡ፦ ከገበያ የተሰበሰበ ምርት መሐል ሜዳ ላይ ዳግም እንዳይሸጥ

ፋብሪካ የሠራው ዕቃ ሰው የሚጎዳ ሆኖ ሲያገኘው «መልሱልኝ» ብሎ ይጠራዋል። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ ወይም በጃፓንኛ ይወጣል፤ ለገዛው ሰው ገንዘቡ ይመለስለታል ወይም ምትክ ይሰጠዋል። ሁሉም ግን አይመልስም። አንዱ ማስታወቂያውን ሳይሰማ ይቀራል፤ ሌላው እየሰማ በርካሽ ይሸጠዋል፤ ሌላው ደግሞ በቅን ልቡ ለአገር ቤት ዘመዱ ይልከዋል። ዕቃው በሻንጣ ወይም በኮንቴይነር አዲስ አበባ ይገባል። ከዚያ በቴሌግራም ቻናል፣ በፌስቡክ ወይም በጂጂ ላይ «ከአሜሪካ የመጣ፣ ስላይትሊ ዩዝድ» ተብሎ ይለጠፋል፤ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል አድርጎ መንዝ ውስጥ ወዳለችው መሐል ሜዳ ይደርሳል፤ ከመሐል ሜዳም ወደ ራቤል ይወርዳል። ማስታወቂያው ግን አብሮት አይመጣም።

ይህ መመሪያ ያገለገለ ዕቃ በስልኩ ለሚሸጥ፣ ለሚገዛ፣ የሽያጭ ቻናል ለሚያስተዳድር፣ ከውጭ ዘመዱ ዕቃ ለሚልክለት ሰው ሁሉ የተጻፈ ነው። «ከውጭ የመጣ ነው» የሚለው ቃል እዚህ እንደ ዋስትና ይቆጠራል። አይደለም። እንዲያውም የተጠራ ዕቃ መጀመሪያ በብዛት የተሸጠው እዚያው ውጭ ነው፤ ርካሽ ሆኖ ወደ እኛ የሚመጣበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ሊሆን ይችላል።

ከስሙ ይልቅ ቁጥሩ

ሻጭ ሲጠየቅ የሚጠራው የኩባንያውን ስም ነው፦ «አንከር ነው»፣ «አፕል ነው»፣ «ኦሪጅናል ነው»። ፋብሪካ ዕቃውን የሚጠራው ግን በሞዴል ቁጥር፣ በሲሪያል ቁጥር ወይም በባች ቁጥር ነው። አንከር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ፓወርኮር 10000 የተባለውን ፓወር ባንክ በአሜሪካ ብቻ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ፍሬ እንዲመለስለት ጠርቷል፤ ውስጡ ያለው የሊቲየም ባትሪ ከልክ በላይ እየጋለ እሳት ያስነሳ ነበርና። የተጠራው ሞዴል ቁጥሩ ኤ1263 የሆነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 አጋማሽ እስከ 2022 መጨረሻ የተሸጠው ነው። በዚያው ወር ሌሎች ጥቂት ሞዴሎች ተጨመሩ። የቀሩት በርካታ የአንከር ፓወር ባንኮች ግን ምንም አልተባሉም። ስለዚህ «አንከር ጥሩ ነው» የሚልም «አንከር ይቃጠላል» የሚልም ሁለቱም ዕቃውን ሳያዩ ነው የሚያወሩት።

የላፕቶፕም ጉዳይ እንዲሁ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2015 እስከ ፌብሩዋሪ 2017 ድረስ በዋናነት የተሸጡ 15 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ላፕቶፖችን በጁን 2019 ጠርቶ ባትሪያቸውን በነፃ እለውጣለሁ አለ። በአሜሪካ ብቻ 432,000 ነበሩ። የተጠራውና ያልተጠራው ላፕቶፕ ጎን ለጎን ቢቀመጡ በዓይን አይለዩም። የሚለያቸው ከሥር የተጻፈው ሲሪያል ቁጥር ነው።

እንግዲህ ሥራው የሚጀምረው ዕቃውን ከመገልበጥ ነው። ፓወር ባንክ ከሆነ ቁጥሩ በሥሩ በኩል፣ ከቮልትና ከአምፔር ጽሑፍ አጠገብ እንደ ጤፍ በደቀቁ ፊደላት ተጽፎ ያገኙታል። ጽሑፉ ከቀለሙ ጋር ይመሳሰልና ፊት ለፊት ሲያዩት አይነበብም። መስኮት አጠገብ ይዘውት ይሂዱ፤ ወይም የሌላ ስልክ መብራት ከጎን ያብሩበትና ዕቃውን ቀስ ብለው ያዘንብሉት። ጽሑፉ ብቅ ሲል ፎቶ ያንሱና ፎቶውን ያጉሉት። በሕፃናት ዕቃ ላይ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከጨርቁ ሥር ባለው ነጭ ወረቀት ወይም ከእግሩ ብረት ላይ ይገኛል። በምጣድና በድስት ላይ ከቂጡ ነው። በወተት ጣሳ ላይ ከሥሩ ታትሟል።

መለያው ተልጦ፣ ተፍቆ ወይም በሌላ ወረቀት ተሸፍኖ ካገኙት እዚያው ይቁም። እኔ መለያ የሌለው፣ ባትሪ ያለበት ወይም እሳት የሚነካ ዕቃ አልገዛም፤ ማንም እንዲገዛም አልመክርም። ቁጥሩ በራሱ ጊዜ ደብዝዞ ሊሆን ይችላል፤ ሆን ተብሎ ተፍቆም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ መለየት ስለማይቻል ውሳኔው አንድ ነው።

ፍለጋው

ቁጥሩን ካገኙ በኋላ ጉግል ላይ የኩባንያውን ስምና የሞዴሉን ቁጥር ጽፈው «ሪኮል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ይጨምሩበት። ፊደሎቹ አር፣ ኢ፣ ሲ፣ ኤ፣ ኤል፣ ኤል ናቸው። ከሚመጡት መልሶች የቲክቶኩንና የዩቲዩቡን ይለፉት። የሚፈልጉት የመንግሥት ማስታወቂያ ወይም የኩባንያው የራሱ ገጽ ነው። የቤት ዕቃ፣ የሕፃናት ዕቃና ኤሌክትሮኒክስ ከሆነ የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ዝርዝሩን በፎቶ አስደግፎ ያወጣል። የአውሮፓ ኅብረት ሴፍቲ ጌት የሚባል መዝገብ አለው። ኦኢሲዲ የተባለው የአገሮች ድርጅትም የብዙ አገሮችን ጥሪ በአንድ ቦታ የሰበሰበ መፈለጊያ አለው። እንግሊዝኛው ካስቸገረ ስልኩ ራሱ ይተረጉማል፤ ትርጉሙ ቢንሻፈፍም ቁጥርና ቀን ብዙውን ጊዜ አይሳሳትም፤ እርስዎም የሚፈልጉት ቁጥሩን ነው።

ማስታወቂያው ላይ ሦስት ነገር ያመሳክሩ፦ ሞዴሉ ይገጥማል ወይ፣ የሲሪያል ወይም የባች ቁጥሩ ከተጠሩት መሃል ነው ወይ፣ ፋብሪካው ያዘዘው ምንድን ነው? ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። አንዳንዱ ጥሪ «ዕቃውን አቁሙ፣ አትጠቀሙ» ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ «ክዳኑን ብቻ እንለውጥላችኋለን» ይላል። የኋለኛው ዓይነት ዕቃ የተባለው ነገር ከተለወጠለት በኋላ በቅን ልቦና ሊሸጥ ይችላል።

በእኛ አካባቢ ኢንተርኔት መቆራረጡን ማንም ያውቀዋል። ኔትወርክ ከሌለ ቁጥሩን በአጭር መልእክት ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ላለ ሰው ልከው ፈልጎ እንዲነግርዎ ያድርጉ። ሽያጩ እስከ ነገ ይቆያል። «ዛሬ ካልወሰድክ ሌላ ሰው ይወስደዋል» የሚል ሻጭ ሲገጥምዎ ይውሰደው ይበሉ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ በግልጽ ማለት አለብኝ። ፍለጋው ባዶ መልስ ሲሰጥ «ደኅና ነው» ማለት አይደለም። ገበያችን ላይ ከሚዞረው ቻርጀር፣ ፓወር ባንክና ምድጃ ብዙው የሠሪው ስም የማይታወቅ ወይም የሌላውን ስም የለጠፈ ፎርጅድ ነው። ባለቤት የሌለው ዕቃ ጠሪ የለውም፤ ስለዚህ በየትኛውም ዝርዝር ላይ አይገኝም። እንዲህ ያለውን በዓይንና በእጅ መፈተሽ ነው ያለው፦ ሆዱ ያበጠ ባትሪ፣ ቻርጅ ሲደረግ እጅ የሚያቃጥል፣ የፕላስቲክ ቃጠሎ የሚሸት፣ መሰኪያው የጠቆረ አይገዛም፣ አይሸጥም። ቤቱ የጓሳ ሣር ክዳን ከሆነ ይህ ጥንቃቄ በእጥፍ ይጨምራል፤ የሊቲየም ባትሪ ከተቀጣጠለ ውኃ አፍስሶ በቀላሉ ማጥፋት አይቻልም፣ ሣሩ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም።

በቅርጻቸው ብቻ የሚለዩ የሕፃናት ዕቃዎች

የሕፃን ዕቃ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ጉዳቱ የከፋው እዚህ ነውና።

ፊሸር ፕራይስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሮክ ኤን ፕሌይ የሚባል፣ ሕፃኑ ጋደም ብሎ እንዲተኛበት የተሠራ ተወዛዋዥ አልጋ ነበረው። ጀርባው ወደ ላይ ያዘነበለ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ኩባንያው 4.7 ሚሊዮኑንም ጠራ፤ እስከዚያ ከ30 በላይ ሕፃናት በውስጡ ሞተው ነበር። ሕፃኑ ሳይታሰር ከጀርባው ወደ ሆዱ ወይም ወደ ጎኑ ሲገለበጥ አፍና አፍንጫው ይታፈናል፤ ባይገለበጥም እንኳ አንገቱ ያልጠና ልጅ ጭንቅላቱ ወደፊት ዘንበል ብሎ አገጩ ደረቱን ሲነካ ትንፋሹ ይጠባል። ይህ ሁሉ ከተነገረ በኋላ ምን ሆነ? የአሜሪካው ኮሚሽን በጃንዋሪ 2023 ጥሪውን እንደገና ሲያውጅ የሞቱት ቁጥር 100 ገደማ ደርሶ ነበር፤ ቢያንስ 8ቱ የሞቱት ከመጀመሪያው ጥሪ በኋላ ነው። ዕቃው በየቤቱ ቀርቶ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ተሰጥቶ፣ በኢንተርኔት ተሸጦ ነበርና።

ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሕግ እንዲህ ያዘነበለ የሕፃን መኝታን ማንኛውም ኩባንያ እንዳይሠራውና እንዳይሸጠው ከልክሏል፤ በአልጋ ዙሪያ የሚታሰረውን ወፍራም ትራስ መሰል ጨርቅም ጨምሮ። ከዚያ በፊት ደግሞ ከጁን 2011 ጀምሮ አንድ ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት የሕፃን አልጋ በዚያው አገር ተከልክሏል፤ ተንሸራታቹ ጎን ከማያያዣው ሲላቀቅ በሚፈጠረው ክፍተት ከ30 በላይ ሕፃናት ታንቀውና ታፍነው ሞተዋል።

ለእነዚህ ሦስቱ ኢንተርኔት አያስፈልግዎትም። የሽያጭ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ፎቶ ብቻ ይዩ። ጀርባው ያዘነበለ የሕፃን መኝታ ከሆነ፣ ጎኑ ወርዶ የሚወጣ አልጋ ከሆነ፣ ዙሪያውን ወፍራም ጨርቅ የታሰረበት ከሆነ የማን ሥራ እንደሆነ መጠየቅም አያሻም፤ አይግዙት። መንዝ ብርድ ነው፤ እናቶች ለልጃቸው የሚሞቅና የሚደላ ነገር ቢፈልጉ አይፈረድባቸውም። ለሚተኛ ሕፃን የሚሻለው ግን ጠንካራና ሜዳ መኝታ፣ ፊቱን የማይሸፍን ልብስ፣ በጀርባ መተኛት ነው። የሱፍ ባናውን እናትየው ትልበሰው።

የሚያበስሉና የሚያሞቁ

መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ ውኃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ስለዚህ ባቄላና አተር ለመብሰል ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ፕሬሸር ኩከር እዚህ ከአዲስ አበባ ይልቅ የሚፈለገው ለዚህ ነው፤ ያገለገለም ቢሆን ቶሎ ይሸጣል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ቁጥሩን ሳያዩ አይግዙ። ሻርክ ኒንጃ የተባለው ኩባንያ ኒንጃ ፉዲ የሚባለውን፣ የኦፒ300 ተከታታይ ሞዴል የሆነውን ፕሬሸር ኩከር እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 በአሜሪካ ብቻ 1.8 ሚሊዮን ገደማ ጠርቷል። እንፋሎቱ ሳይወጣ ክዳኑ ሊከፈት ይችል ነበር፤ የፈላው ነገር ፊትና እጅ ላይ ተረጭቶ ከመቶ በላይ ሰዎች ተቃጥለዋል። ኩባንያው ለዚህ ያቀረበው መፍትሔ አዲስ ክዳን ነው። ሻጩ ክዳኑ መለወጡን ማሳየት ካልቻለ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስልበትን ክፍል መጠቀም የለብዎትም።

ከአሜሪካ የሚመጣ ምጣድ፣ ማሞቂያና ካውያ በ120 ቮልት እንዲሠራ የተሠራ መሆኑንም አይርሱ። የእኛ መስመር 220 ነው። ያለ ትራንስፎርመር ቢሰኩት ጥሪ ያልወጣበትም ዕቃ ይቃጠላል።

መኪና

ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው ኤርባግ በዓለም ዙሪያ 100 ሚሊዮን ገደማ ተጠርቷል። ውስጡ ያለው የሚፈነዳ ኬሚካል በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ዓመታት ሲቆይ ከልክ በላይ ይፈነዳና የብረት ስብርባሪ ወደ ሾፌሩ ፊትና አንገት ይበትናል። ከ30 በላይ ሰዎች ሞተውበታል። የቶዮታ ኮሮላና ቪትዝ አንዳንድ ሞዴሎች ከተጠሩት መካከል ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ በመንገዳችን የሚበዙት ናቸው። የእኛ ብርድ ኤርባጉን አያድነውም፤ መኪናው ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት ስንት ዓመት በሞቃት አገር እንደቆመ ማን ያውቃል?

ያገለገለ መኪና ሲገዙ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ ገልብጠው፣ ከመኪናው አካል ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ፤ ከዚያ በኩባንያው ገጽ ላይ ያስገቡት። የጃፓን ገበያ መኪና የሻንሲ ቁጥሩ አጭር ስለሆነ ባለ 17 ምልክት ቁጥር በሚጠይቀው የአሜሪካ ገጽ ላይ አይገባም፤ የጃፓኑን ገጽ ይጠቀሙ። ቶዮታ ከሆነ ወኪሉን ሞኤንኮን መጠየቅ ይቻላል። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ወይም በቴሌግራም የሚሸጥ ያገለገለ ኤርባግና መሪ ግን በምንም ዋጋ አይግዙ፤ ከየትኛው መኪና እንደወጣ የሚነግርዎ ቁጥር የለውም።

ምግብ፣ የሕፃናት ወተት፣ መድኃኒት

እዚህ ላይ ፍለጋም ማመሳከርም የለም። የተከፈተም ያልተከፈተም መድኃኒት፣ የሕፃናት ዱቄት ወተት፣ የስኳር መለኪያ ወረቀት በግለሰብ ቻናል ላይ አይሸጥም፣ አይገዛም። ያለ ፈቃድ መድኃኒት መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። የዱቄት ወተት ከውጭ ሲላክ ብዙ ጊዜ በሻንጣ ነው፤ ባች ቁጥሩን የሚከታተል አስመጪ የለውም። ላክታሊስ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በሳልሞኔላ ምክንያት ጥሪ ጀምሮ ከ83 አገሮች 12 ሚሊዮን ካርቶን የሕፃናት ወተት ሰብስቧል። ይህ ሁሉ ሲሆን እዚያው ፈረንሳይ ሌክሌርክ የተባለው ትልቅ የገበያ መደብር ከጥሪው በኋላ 984 ካርቶን መሸጡን አምኗል። የኮምፒውተር መዝገብና የመንግሥት ተቆጣጣሪ ያለበት መደብር ይህን ካሳለፈ፣ የቴሌግራም ቻናል ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ማሰብ አይከብድም።

የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ኅብረተሰቡ እንዳይጠቀምባቸው የሚላቸውን ምርቶች በየጊዜው በስማቸው እየጠቀሰ ያወጣል፤ ዘይት፣ ማር፣ ጨው፣ የለውዝ ቅቤ ከነዚህ ውስጥ ነበሩ። የባለሥልጣኑን የፌስቡክ ወይም የቴሌግራም ገጽ ይከተሉ። ባለ ሱቆች ዝርዝሩ ሲወጣ መደርደሪያቸውን ያዩ፤ ምርቱ ዋጋው ተቀንሶ ወደ ገጠር ገበያ እንዳይወርድ የሚያግደው መጀመሪያ የሱቁ ባለቤት ነው።

ለሆስፒታል የሚለገስ መሣሪያም እዚህ ይገባል። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በጁን 2021 ለመተንፈስ የሚያግዙ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መሣሪያዎቹን ጠርቷል፤ ድምፅ እንዲቀንስ የገባው ስፖንጅ እየተፈረፈረ ወደ ታማሚው ሳንባ ሊገባ ስለሚችል። ከውጭ ሆናችሁ ለመሐል ሜዳ ሆስፒታል ወይም ለሌላ ጤና ተቋም ያገለገለ መሣሪያ የምትሰበስቡ ወገኖች፣ ዕቃውን ከመጫናችሁ በፊት የሞዴልና የሲሪያል ቁጥሩን ዝርዝር ላኩ፤ እዚያው ሆናችሁም አጣሩ። እናንተ ያላችሁበት አገር መዝገቡም ኢንተርኔቱም በእጃችሁ ነው።

ቁጥሩ ሲገጥም

መጠቀም ያቁሙ። አይሽጡ፣ በስጦታም አይስጡ፣ ለቁራሌውም አይስጡ፤ ቁራሌው ለጠጋኝ ይሸጠዋል፣ ጠጋኙም ለሌላ ሰው። ዕቃው ባትሪ ያለበት ከሆነ ቻርጅ አያድርጉት፣ አይክፈቱት፣ አይውጉት። በደረቅ አሸዋ በተሞላ የብረት ጣሳ ውስጥ አድርገው ከመኝታ፣ ከሣርና ከጭድ አርቀው ያስቀምጡት። የሕፃን መኝታ ከሆነ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይጠቀምበት ማሰሪያውን ይቁረጡ፣ እግሩን ይሰባብሩ፤ ግን ከዚያ በፊት መለያውን ፎቶ ያንሱ። ምክንያቱም ካሳው የሚጠየቀው በዚያ ፎቶ ነው።

ካሳውን በተመለከተ፣ ኩባንያዎች ገንዘብ ወይም ምትክ የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው በተሸጠበት አገር ላለ ሰው ነው። ስለዚህ ዕቃውን የላከው ዘመድ እዚያ ሆኖ ይጠይቅ። እንዲህ ብለው ቢጽፉለት ይበቃል፦ «ወንድሜ፣ የላክልን ዕቃ ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥልን። ከጀርባው ያለውን ቁጥር ፎቶ አንስቼ ልኬልሃለሁ። ኩባንያው ይህን ቁጥር መልሱልኝ ብሏልና እዚያው ጠይቅልን። ዕቃውን እኛ ጋር አቁመነዋል።»

ዘመድ ላይ ይህን ማለት ከባድ ነው። ይበልጥ የሚከብደው ደግሞ ጎረቤት ላይ ነው። ልጃቸው ከውጭ የላከላቸውን የሕፃን አልጋ ለመሸጥ የለጠፉ እናት «አደገኛ ነው» ሲባሉ ልጃቸው የተነቀፈባቸው ይመስላቸዋል። ቻናሉ ላይ በሰው ፊት አይጻፉባቸው። ቤታቸው ይሂዱና ልጁን ከነገሩ ያውጡት፦ «እትዬ፣ ልጅዎ በደግ ልቡ ነው የላከው፣ እሱም አያውቅም። ፋብሪካው ራሱ ተሳስቻለሁ፣ መልሱልኝ ያለው ዕቃ ነው። ይኸው ፎቶው፣ ይኸው ቁጥሩ።» ከቁጥሩ ጋር ሲያዩት አብዛኛው ሰው ይቀበላል። «እንግዲያው በርካሽ ልሽጠው» ካሉ ግን እንቢ ማለት አለብዎት፤ ርካሽ የሚገዛው ሰው ሌላ የመግዣ አቅም የሌለው ነው፣ የእሱም ልጅ እንደሌላው ሁሉ ልጅ ነው።

ሲገዙ ደግሞ ሻጩን በመጀመሪያው መልእክት ይጠይቁት፦ «ሰላም ነው? ዕቃው አለ? የሞዴሉንና የሲሪያል ቁጥሩን ፎቶ ይላኩልኝ፣ ከዚያ ዋጋ እንነጋገራለን።» የሚያመነታ ሻጭ ቴሌብር አይላክለትም።

ቻናል ለሚያስተዳድሩ

ከሁሉ በላይ የሚሠራው የአድሚኑ እርምጃ ነው። አንድ ሰው የራሱን ዕቃ ይፈትሻል፤ አድሚን ግን በአንድ ሕግ ብዙ ዕቃ ያስፈትሻል። የአውሮፓ ኅብረት ከዲሴምበር 13 ቀን 2024 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ የኢንተርኔት ገበያዎች አደገኛ ዕቃ አንሡ ተብለው ሲታዘዙ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲያነሱ ይገደዳሉ፤ በአሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ የተጠራ ዕቃ መሸጥ በራሱ ሕገ ወጥ ነው። ለእኛ አድሚኖች እንዲህ ዓይነት ቀነ ገደብ ያወጣ የለም፤ ራሳችሁ አውጡት።

በፒን የሚሰቀል ሕግ ይጻፉ፦ «ባትሪ ያለው፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ወይም ለሕፃን የሚሆን ዕቃ የሚለጥፍ ሁሉ የመለያውን ቁጥር ፎቶ ያያይዛል። ፎቶ የሌለው ፖስት ይነሣል። መድኃኒትና የሕፃናት ወተት አይለጠፍም።» ከሦስት መስመር በላይ አያስፈልግም፤ ረጅም ሕግ ማንም አያነብም። ሕጉ ከወጣ በኋላ የቀድሞ ፖስቶችን በቻናሉ መፈለጊያ ያስሱ፤ «የሕፃን አልጋ»፣ «ፓወር ባንክ»፣ «ማሞቂያ» እያሉ ቢፈልጉ አሮጌው ሁሉ ይወጣል።

ፖስቱን ማንሣት ብቻውን አይበቃም። ዕቃው ተሽጦ ከሆነ ገዢው እንዲያውቅ ሻጩን ይጠይቁ፤ የገዢውን ስልክ ካልሰጠ ቻናሉ ላይ «ባለፈው ወር ይህን ዕቃ የገዛችሁ ቁጥሩን እዩ» ብለው ከፎቶው ጋር ይለጥፉ። የሻጩን ስም አይጥቀሱ። ሻጩ ቢያፍር ሌላ ጊዜ ደብቆ ይሸጣል፤ ገዢው ግን የሚፈልገው ቁጥሩን ነው።

ሕጉና አቤቱታው

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሰው ጤናና ደኅንነት አደገኛ የሆነ፣ ምንጩ ያልታወቀ ወይም ጊዜው ያለፈበት ዕቃ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ምግብና መድኃኒት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይገዛሉ። አንድ ጊዜ የራሱን አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ግለሰብ ነጋዴ አይደለም ሊባል ይችላል፤ ግን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን ሰው የጎዳ ሁሉ ኪሣራውን ይክሳል። ቁጥሩን ዓይቶ፣ ጥሪውን ዐውቆ የሸጠ ሰው «አላወቅኩም» ማለት አይችልም።

የመልእክት ልውውጡን፣ ፖስቱንና የሻጩን የመለያ ስም ስክሪንሾት ያንሱ፤ ፖስት በደቂቃ ይጠፋል። የመለያ ቁጥሩን ፎቶና የጥሪውን ማስታወቂያ ይጨምሩ። ምግብ፣ መድኃኒት ወይም የሕክምና መሣሪያ ከሆነ ወደ ባለሥልጣኑ ነፃ የስልክ መስመር 8482 ይደውሉ፤ እዚህ ቅርብ ደግሞ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አለ። ሌላ ዕቃ ከሆነ የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤትን ይጠይቁ። በቃል ብቻ አያመልክቱ፤ በሁለት ቅጂ ይጻፉና በእርስዎ ቅጂ ላይ ማኅተምና ቀን ያስደርጉበት። ዕቃው ጉዳት አድርሶ ከሆነ ደግሞ የሕክምና ማስረጃውን ያያይዙ፤ የተቃጠለውንም ዕቃ አይጣሉት፣ ቁጥሩ የሚነበበው እሱ ላይ ነው።